ኮሶ ብቻውን አይወልድም

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

«እንደ ኮሶ መረረኝ» ብሎ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ዛፉን በዓይኑ አይቶ የሚያውቀው ሰው ግን እያነሰ ነው። ሰሞኑን ከወሎ ደጋ ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለዚሁ ዛፍ ስለሚጠይቁ ዓምዱን በሙሉ ለኮሶ ሰጥተነዋል።

ለማያውቁት በአጭሩ፦ ኮሶ የጽጌረዳ ቤተሰብ ነው፤ ቀጋና ጥቁር እንጨት ዘመዶቹ ናቸው። ሳይንስ ሐጌኒያ ብሎ በሚጠራው ወገን ውስጥ ግን ያለው ዝርያ እርሱ ብቻ ነው። ከኢትዮጵያ ተነሥቶ እስከ ማላዊና ዛምቢያ ተራሮች ድረስ ይገኛል፤ የትም ይሁን የት ግን ከደጋ አይወርድም። በእኛ በኩል ከጥዱ በላይ፣ ከአስታው በታች፣ ከአምጃ ጋር ተጎራብቶ ይቆማል። ቅርፊቱ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ እየተላጠ ይንጠለጠላል፤ ቅጠሉ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ተሰብስቦ ይወጣል፤ ሲገለብጡት ብርማ ጠጉር አለው። ቦረና ሳይንት ደንቆሮ ደን የገባ ሰው ሳያየው አይመለስም።

ጥያቄ፦ በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ አንድ ትልቅ ኮሶ አለ። አባቶች ድሮ ብዙ ነበር ይላሉ፤ ዛሬ የቀረን እርሱ ነው። በየዓመቱ ቀይ አበባ ያንዠረግጋል፤ ከሥሩ ግን አንድም ቡቃያ አይወጣም። ግቢው ስለታጠረ ከብት አይገባም። ዛፉ አርጅቶ ነው ወይስ መሬቱ ደክሞ? (ከደላንታ)

መልስ፦ አባታችን፣ እርጅና አይመስለንም። ብቸኝነት ነው።

የኮሶ ወንዱና ሴቱ የተለያየ ዛፍ ነው። አበባው ቀይ ነው ካሉ ያለችዎት ሴቷ ናት። የሴቷ ዘለላ ጠቅጠቅ ያለ፣ ከበድ ብሎ የሚንጠለጠልና ወደ ቀይ ያደላ ነው፤ የወንዱ ሳሳ ያለና እንደ ላባ የተበተነ ሆኖ ቀለሙ ወደ ፈዛዛ ቢጫና ብርቱካን ይሄዳል። የወንዱን ብናኝ ወደ ሴቷ የሚያደርሰው በዋናነት ነፋስ ነው። በአካባቢው ወንድ ከሌለ ሴቷ ታብባለች፣ ትደርቃለች፣ ዘር የሚመስል ነገርም ታራግፋለች፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው።

ይህን በቀላሉ ማረጋገጥ ይቻላል። የዘለላው ቀይነት ጠፍቶ ቡናማ ሲሆን ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ጥቂት ጥቂት ይቁረጡ። በመዳፍ አሽተው ገለባውን እፍ ይበሉት። ከቀረው ደቃቅ ፍሬ 50 ቆጥረው በነጭ ወረቀት ላይ ያስቀምጡና አንድ በአንድ በጥፍር ይጫኑት። ሙሉው ፍሬ ነጭ ሥጋ ያወጣል፤ ባዶው ተሰብሮ ገለባ ይሆናል። ከ50ው አምስቱ እንኳ ሙሉ ካልሆኑ የጎደለው ወንድ ነው፤ ዛፏን ቢኮተኩቷትም ውኃ ቢያጠጧትም ለውጥ አያመጣም። ግማሹና ከዚያ በላይ ሙሉ ከሆነ ደግሞ በነፋሱ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ወንድ አለ ማለት ነው፤ ያኔ ወደ መሬቱ እንመለሳለን።

የኮሶ ዘር በጣም ደቃቅ ነው። እንደ ባቄላ በጉያው የያዘው ስንቅ የለም፤ በበቀለ በጥቂት ቀን ሥሩ እርጥብ አፈር፣ ቅጠሉ ፀሐይ ካላገኘ ይሞታል። በወፍራም ሣር ላይ ወይም በረገፈ ቅጠል ክምር ላይ ሲወድቅ ሥሩ አየር ላይ ይቀራል፤ በጥቅጥቅ ጥላ ሥር ደግሞ ብርሃን ያጣል። ኮሶ በተፈጥሮው ዛፍ በወደቀበት፣ መሬት በተናደበት፣ እሳት ባለፈበት ገላጣ ላይ ቀድሞ የሚበቅል ዛፍ ነው። ስለዚህ ግቢው መታጠሩ ከብቱን ከልክሏል፤ ሣሩንም በዚያው ልክ አሳድጓል። አጥሩን አያፍርሱ። ዘሩ መርገፍ ሲጀምር፣ እንደ ከፍታው ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ ከዛፏ ጥላ ጠርዝ ወደ ውጭ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆኑ ሦስት ወይም አራት ቦታዎችን ይምረጡ። ሣሩን ከሥሩ አጭደው ያንሡ፤ የላዩን አፈር ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ በመኮትኮቻ ይጫሩት። በጥልቀት አይቆፍሩ፤ ዘሩ ከተቀበረ አይወጣም።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። የወሎ በልግ ቡቃያውን ያወጣና በግንቦት ጥሎት ይሄዳል። ክረምቱ እስኪገባ ያሉትን ደረቅ ሳምንታት ካልተሻገረ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ቡቃያ ያዩበትን ቦታ በትናንሽ እንጨት ምልክት ያድርጉ፤ በዙሪያው ስስ ጉዝጓዝ አድርገው በየሦስት ቀኑ ማታ ማታ በወንፊት ያጠጡት። ወንድ የማግኘቱ ነገር ከሚቀጥለው መልስ ጋር ስለሚገናኝ አብረው ያንብቡት።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዐለይኩም። ከመስጊዳችን በላይ ያለውን የመቃብር ቦታ ከመንደሩ ሰው ጋር ተመካክረን ከልለነዋል። ባሕር ዛፍ ይቅርና ኮሶ እንትከል ተባብለናል። ዘሩን ከጎረቤት ቀበሌ አምጥተን አምና አፍልተን ነበር፤ ጥሩ በቀለና በሳምንቱ ሁሉም ተኛ። የት ተሳሳትን? ስንትስ እንትከል? (ከኩታበር)

መልስ፦ ወዐለይኩም ሰላም። አብሽሩ፣ የደረሰባችሁ ኮሶ ያፈላ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ነው።

ከቁጥሩ እንጀምር። የኮሶ ችግኝ አድጎ እስኪያብብ ድረስ ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። ወንድና ሴቱ እኩል ይወጣል ብለን ብናሰላ፣ ሦስት ብቻ ተክላችሁ ሦስቱም አንድ ጾታ የመሆናቸው ዕድል ከ4 አንድ ነው። አምስት ከሆኑ ከ16 አንድ፤ አሥር ከሆኑ ከ512 አንድ ይሆናል። ስለዚህ ለአቅመ አበባ የሚደርሱ አሥር ዛፎች ያስፈልጓችኋል። በውርጭና በበጋ የሚሞተውን አስባችሁ ከ30 እስከ 40 ችግኝ በአንድ ቦታ ተሰባስቦ ይተከል። በየቤቱ አንድ አንድ ማደል ለጥላ ይሆናል እንጂ ዘር አያስገኝም። ለደላንታው ጠያቂያችንም መልሱ ይኸው ነው፤ ለብቸኛዋ ሴት ባል የሚገኘው በአጠገቧ አሥር ችግኝ በማሳደግ ነው።

ዘሩን ከአንድ ዛፍ ብቻ አትልቀሙ። ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ከሆኑ ነገ የሚጋቡት ወንድምና እኅት ናቸው፤ ከትውልድ ትውልድም እየደከሙ ይሄዳሉ። ቢቻል ከ10 እናት በላይ፣ እርስ በርሳቸው ከ50 ሜትር በላይ ከተራራቁ ዛፎች ይለቀም። ያን ያህል ካልተገኘ የተገኙትን ሁሉ አዳርሱ። ቡናማ የሆነውን ዘለላ በመቀስ ቁረጡ፤ ቅርንጫፍ አትስበሩ። በሰፌድ ላይ በስሱ አስጥታችሁ ከጠራራ ፀሐይ ውጭ ከሦስት እስከ አምስት ቀን አድርቁት፤ አሽታችሁ በደቃቅ ወንፊት ንፉት። አንድ ኪሎ ንጹሕ ዘር ውስጥ ከ200,000 በላይ ፍሬ ስላለ በሻይ ማንኪያ የሚሰፈር ዘር ለመንደራችሁ ይተርፋል። በደንብ የደረቀውን አየር በማያስገባ ዕቃ፣ በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አኑሩት፤ ከዓመት በላይ ግን አትመኑት።

መዘፍዘፍም መፈተግም አያሻውም። መደቡን ወይም ሣጥኑን 10 ሳንቲ ሜትር በሚሆን አንድ እጅ አሸዋና አንድ እጅ የተነፋ የደን አፈር ሙሉት። ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ደባልቁና እንደ ጨው በትኑት፤ ያለ አሸዋ የተበተነ ደቃቅ ዘር አንድ ቦታ ይከመራል። ከላዩ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር አሸዋ ነስንሱና ስስ ሣር አልብሱት። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ይበቅላል። መብቀል እንደጀመረ ሣሩን ዕለቱኑ አንሡና ከመደቡ በላይ ግማሽ ሜትር ከፍ ያለ ዳስ ሥሩለት።

አሁን ወደ ተኛው ቡቃያ። ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት አንገቱ ላይ ቀጥኖና ጠቁሮ ከወደቀ፣ አፈር ውስጥ ያለ ሻጋታ አበስብሶታል። ሻጋታው የሚነሣው ሦስት ነገር ሲገናኝ ነው፤ ቡቃያው ሲታፈግ፣ መደቡ ማታ እርጥብ ሆኖ ሲያድር፣ አየር ሲያጣ። ስለዚህ ከመዝራታችሁ በፊት መደቡ ላይ የፈላ ውኃ አፍስሱበትና ቀዝቅዞ ሲጠፈጠፍ ዝሩ። ውኃ ጠዋት ብቻ ስጡ፤ የላዩ አሸዋ እስኪነጣ ጠብቁ። በሁለት ቡቃያ መካከል ጣት የማያሳልፍ ከሆነ አሳሱት። አንድ ጥግ ላይ መውደቅ ከጀመረ የወደቀውን በዙሪያው ካለ አፈር ጋር በማንኪያ አንሥታችሁ አርቃችሁ ጣሉ፤ ያንን ጥግ ለሁለት ቀን ውኃ ከልክሉት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው የጠወለገ መስሎት ውኃ ሲጨምርበት ነው።

ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ (መጀመሪያ የሚወጡት ክብ ቅጠሎች አይቆጠሩም) ወደ ፕላስቲክ ከረጢት ይዛወራል። ድብልቁ ሦስት እጅ የደን አፈር፣ ሁለት እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ይሁን። ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥለዋል። ቡቃያውን በቅጠሉ ይዛችሁ አንሡት፤ ግንዱ በጣት ከተጨመቀ አይድንም። ሥሩ ከከረጢቱ ሥር ሲወጣ ከረጢቱን እያነሣችሁ ቁረጡት። ከመትከል ሁለት ወር በፊት ዳሱን ቀስ በቀስ አሳሱት፤ በመጨረሻው ወር ሙሉ ፀሐይ ይልመድ። ቁመቱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ግንዱ እርሳስ ያህል ያልደረሰ ችግኝ ወደ ተራራ አይውጣ። በየካቲት የተዘራው በደጋ ብርድ ለሐምሌ ላይደርስ ይችላል። ለሚቀጥለው ክረምት ማቆየት ቸኩሎ ተክሎ ከመቅበር ይሻላል።

ጉድጓዱ 40 ሳንቲ ሜትር በየጎኑና ወደታች፣ በግንቦት ተቆፍሮ አየር ያግኝ። የላዩን አፈር ለብቻ አስቀምጡና መጀመሪያ እርሱን መልሱ። ርቀቱ 4 ሜትር ይበቃል። ውኃ የሚያቁር ዋልካ ላይና ብርድ በሚተኛበት ጎድጓዳ ሜዳ ላይ አትትከሉ፤ ተዳፋቱን ምረጡ። የባሕር ዛፍ ጥላ ሥርም አይሆንም። ከረጢቱን ሙሉ በሙሉ ቀዳችሁ አውጡ፤ ከነፕላስቲኩ የተተከለ ችግኝ ሥሩ እየተጠማዘዘ በሁለተኛው ዓመት ይደርቃል። ከጥቅምት እስከ ጥር ላለው ውርጭ በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ የሣር ጎጆ ሥሩለት፤ ይህም ለሁለት በጋ ይደገም። በዙሪያው አንድ ሜትር ሣር አይኑር። ዛፉ ከብት አንጋጦ ከማይደርስበት፣ ማለትም ከ2 ሜትር በላይ እስኪያልፍ ክልሉ አይከፈት። እዚህ ላይ የመንደሩ ስምምነት ከማንኛውም አጥር ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ግቢዬ ውስጥ ለጌጥ ልተክለው እፈልጋለሁ። ይሆናል?

መልስ፦ አይመከርም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ኮሶ ደስ የሚለው በ2,400 እና በ3,200 ሜትር መካከል ነው። ችግኙን ደጋ ላለ ዘመድዎ ይስጡት፤ ለግቢዎ ዋንዛ ይበጃል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የኮሶ ትል አለበት። ከገበያ ቀይ ኮሶ ገዝቶ ሊጠጣ ነው። አባቶቻችን ሲጠጡት ኖረዋል፤ እኔ ግን ፈራሁ። (ከደሴ)

መልስ፦ እኅቴ፣ መፍራትዎ ልክ ነው። የሴቷ አበባ ትሉን እንደሚያስወጣ የታወቀ ነው፤ ግን በቤት የሚታወቅ መጠን የለውም። የአዲስና የከረመ አበባ ጉልበት ይለያያል። ሲበዛ ኃይለኛ ትውከትና መዝለፍለፍ ያመጣል፤ ዓይን ላይ ጉዳት ያደረሰበት፣ ሰው የገደለበትም ጊዜ አለ። ነፍሰ ጡር ጨርሶ ልትነካው አይገባም፤ ፅንስ ያስወርዳል። ዛሬ ለዚህ ትል ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳሚድ የሚባል መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ትሉ የሚመጣው ካልበሰለ የበሬ ሥጋ ስለሆነ፣ ጥሬ ሥጋው ካልቀረ በሽታውም ይመለሳል።

ለዛፉም ይኸው ይበጀዋል። ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቷ ዘለላ ገና ቀይ ሳለ ነው፤ ያኔ የተቆረጠ ዘለላ ዘር ሳያደርስ ያልቃል። መንገድ ዳር የቆመች ሴት በየዓመቱ እየተመለጠች መካን የምትመስለው ለዚህ ነው። የሚቆርጥ ሰው ካለ ከአንድ ዛፍ ከሦስት አንዱን እንዳያልፍ፣ የላዩን ዘለላ እንዲተው፣ ቅርንጫፍ እንዳይገነጥል ንገሩት።

ጥያቄ፦ አናጢ ነኝ። ደንበኞች የኮሶ ሳንቃ ይወዳሉ። መግዛት ወንጀል ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ ቀዩ ልቡ ሲላግ ያምራል፤ የሚወዱት ለዚያ ነው። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን ከዝግባ፣ ከሐበሻ ጥድና ከዋንዛ ጋር በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሏል። አዋጁ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. በወጡ ሌሎች የደን አዋጆች ተተክቷል፤ ያለ ፈቃድ ከደን ቆርጦ ማጓጓዝና መሸጥ ዛሬም ያስጠይቃል። ከየት እንደተቆረጠ የሚያሳይ የወረዳ ፈቃድና የማጓጓዣ ወረቀት የሌለውን ሳንቃ አይግዙ፤ ሻጩ «ከጓሮዬ ነው» ቢልም ወረቀቱን ይጠይቁት። ደግሞም ነቀዝና ምስጥ የሚበሳው እንጨት ነው፤ ለደጅ ሥራ አይሆንም። ለቀይ ቀለሙ ብቻ የሚፈልግ ደንበኛ ካለ ከፈረሰ የድሮ ቤት የሚገኘውን ሳንቃ ያቅርቡለት። ያው እንጨት ነው፣ ዛፍም አይወድቅም።

ጥያቄ፦ ንብ አናቢ ነኝ። ኮሶ ላይ ቀፎ ብሰቅል ዛፉን እጎዳለሁ? (ከላስታ)

መልስ፦ አይጎዱትም። ወንዱ ሲያብብ ንብ ለብናኙ ትሰፍርበታለች። ጉዳቱ ቀፎ ለመሥራት ቅርፊት ሲላጥና ማር ሲቆረጥ ነው። ግንዱን ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ምግቡ ወደ ሥሩ ስለማይወርድ ቆሞ ይደርቃል፤ የተንጠለጠለው ደረቅ ልጣጭም የጭስ ማጨሻውን ፍም ቶሎ ይይዛል። ቀፎውን በገመድ ያስሩ፣ ምስማር አይምቱ፤ ሲጨርሱ ፍሙን ውኃ ያጠጡት።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታችን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ በዚህ ዓመት ስለ ኮሶ አንድ ነገር መሥራት ይፈልጋል። ችግኝ ለመትከል ገንዘብ የለንም። (ከወረኢሉ)

መልስ፦ ልጆች፣ ገንዘብ የማይጠይቅና ማንም ያልሠራላችሁ ሥራ አለ፤ ቆጠራ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ገመድ፣ ሜትር፣ ደብተርና እርሳስ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ አበባው ዛፉ ላይ ሳለ ውጡ፤ አበባ በሌለበት ወር ጾታውን መለየት አትችሉም። እያንዳንዱን ትልቅ ኮሶ ቁጥር ስጡት። ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ የግንዱን ዙሪያ ለኩ፤ በ3.14 ስታካፍሉት ውፍረቱን ታገኛላችሁ። ወንድ ወይም ሴት መሆኑን፣ ቅርፊቱ ተልጦ እንደሆነ፣ አበባው ተቆርጦ እንደሆነ ጻፉ። ከእያንዳንዷ ሴት እስከ ቅርቡ ወንድ ያለውን ርቀት በእርምጃ ቁጠሩ፤ የቆጠራችሁ ዋናው ቁጥር ይህ ነው።

ከዚያ በእያንዳንዷ ሴት አጠገብ 20 ሜትር በ20 ሜትር በገመድ ከልሉና በውስጡ ያለውን ለዩ፤ ከጉልበት በታች የሆነ ቡቃያ፣ ከጉልበት እስከ 2 ሜትር ያለ ለጋ፣ ከ2 ሜትር ያለፈ ወጣት። ብዙ ትልቅ ዛፍ ኖሮ ቡቃያ ከሌለ ዘሩን ወይም ገላጣ መሬቱን አጥቷል። ቡቃያ ኖሮ ለጋ ከሌለ ከብት ወይም ውርጭ እየበላው ነው። ያ ከታወቀ በኋላ ምን ይደረግ የሚለውን ከላይ በተሰጡት መልሶች ታገኙታላችሁ።

ገመድ የዘረጋችሁበትን ቦታ አራት ማዕዘን በድንጋይ ምልክት አድርጉ። ክረምቱ እንደወጣ በጥቅምት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሳይገባ በሰኔ መጀመሪያ ደግሞ ሌላ ጊዜ ተመልሳችሁ ቡቃያውን ብቻ ቁጠሩ። ሁለቱን ቁጥሮች ስታስተያዩ የቡቃያው ብዛት ከጥቅምት እስከ ሰኔ እንዴት እንደተለወጠ ታያላችሁ። ደብተሩን በሁለት ቅጂ ገልብጡ፤ አንዱ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት። የሚቀጥለው ዓመት ክበብ ከዛፍ ቁጥር 1 ይጀምር።